ቆጣሪ አንባቢው

እንዳላማው ምትኩ፣ የውኃ ቆጣሪ አንባቢ፣
እኔ ደግሞ ከመስኮቱ ኋላ መዝጋቢ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት እሱ ከደጅ፣ እኔ ከውስጥ፣
እሱ ቁጥር ሲያመጣ፣ እኔ ቁጥር ስገለብጥ።

ከቸቸላ እስከ ሳሙና በር፣ ከቀሐ ማዶ እስከ አዘዞ፣
ባትሪና የሽቦ ብሩሽ፣ የተላጠ እርሳስ ይዞ፣
የድንጋይ ክዳን አንሥቶ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ፣
የመስተዋቱን ዝገት በጥፍሩ አክኮ፣
ሌላው ሰውን በስሙ፣ እሱ በቁጥር ያውቀዋል፤
"ሰባት መቶ አራት ቤት ልጅ ተወልዷል፣
ውኃው ጨምሯል" ይለኛል። "ዘጠኝ መቶ ሁለት ግን
ወር ሙሉ አልተነቃነቀም፤ ሽማግሌው ደኅና ይሆን?"
ሄደን አየን። ደኅና አልነበረም።
ይህን በመዝገብ የጻፈ የለም።

ምርጫ ሲመጣ ሰፈሩ ሌላ ሰው አላሰበም፤
ሁሉን በር ያንኳኳ፣ ሁሉም ውሻ የለመደው፣ ከሱ በቀር አልነበረም።
ለፎቶው ክራባት ተዋሰ ከኔ፣
ሰማያዊ፣ የሠርጌን፣ ያውም አንድዬኔ።
"ምልክትህን ምረጥ" ሲሉት "ባልዲ" አለ።
"ባዶ ነው ሙሉ?" ጠየቀው ጸሐፊው እየሣለ።
"እሱን ሕዝቡ ያውቃል።"
                                  ወረፋው ግማሽ ቀን ዋለ።

በንጋት አባዱላ ባሕር ዳር ወረደ፣
ባዶ ማስታወሻ ደብተር በብብቱ ይዞ ሄደ።
ማታ ደወለልኝ፦ "ውኃው እዚህ ከደጅ ተኝቷል፣
ሰው ድንጋይ ይወረውርበታል።"
የመጀመሪያውን ዓመት ዝም ብሎ ሪፖርት ሰማ፤
"ሽፋኑ ሰማንያ ስምንት በመቶ"፣ አዳራሹ አጨበጨበ፣ ተስማማ።

በሁለተኛው ዓመት "ሦስት ደቂቃ" ሲሉት ተነሣ፣
ከኮቱ ኪስ አሮጌ ቆጣሪ፣ የነሐስ፣ አነሣ፣
አፉን ገጥሞ ነፋበት።
መርፌው ዞረ። ዞረ። አዳራሹ ጸጥ አለበት።
"የተከበራችሁ፣ እኛ በፈረቃ ነው የምንጠጣ፤
በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ውኃው ሳይመጣ፣
አየር ይቀድመዋል በቧንቧው። ቆጣሪው አይለይም፤
ይዞራል። እኔም አነባለሁ፤ አልለይም።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ደመወዝ እየተከፈለኝ ኖርሁ፣
ለድኻ አየር ሸጥሁ።
አሁንም ይህ ሪፖርት..." አለና ዐረፈ።
ደቂቃው አለፈ።

በጀቱ ሲጸድቅ ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦
"ተቃውሞ የለም። አንድ ድምፀ ተአቅቦ።" ስም አልተጻፈም፤ ጎንደር ግን ያውቃል።
ደጋፊው ኮነነው፣ ነቃፊው ሰደበው፣
"ወይ ከዚህ ወይ ከዚያ አይሆን፤ መሐል ቆሞ ማን ሊቆጥረው!"
እኔም ጠየቅሁት፤ ደፍረህ ለምን እንቢ አላልህም?
"አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ቧንቧ ነበረበት፤ እንቢ ብል ቸቸላ አትጠጣም።
እሺ ብልስ? ያንን ነፋስ እንደገና ፈረምሁለት።"
ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ ነገር ተናግሮ አላየሁት።

ቧንቧው መጣ። ከዳገቱ እግር ደረሰና ቆመ።
ከታች ያለው "ተባረክ" አለ፣ ከላይ ያለው አጉረመረመ።
ወይዘሮ አንጓች፣ ያች ቤት ለቤት ዞራ የቀሰቀሰችለት፣
አንድ ማለዳ ባዶ ባልዲ ከደጁ አስቀመጠችለት፤
አልሰደበችም፣ አልረገመች፣
አስቀምጣ ሄደች።

ዘመኑ አለቀ። ያለ ሽኝት ተመለሰ፤
ወደ መስኮቴ መጣ፣ ለወትሮው ሥራው ደረሰ።
ቆጣሪውን አሁን ልጆች በስልክ ፎቶ ያነሡታል፣
ከበር እንኳ አያንኳኩም፤ ውሻው ያባርራቸዋል።
"ቦታ የለም" አልሁት። የተናገርሁት እኔ ነኝ፣
ያውም ቀና ሳልል፤ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል፣ አይለቀኝ።

በፈረቃችን ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ አየዋለሁ፤
ከመስኮት ሆኜ፣ መብራት ሳላበራ፣ እቆጥርለታለሁ፦
አንድ ምልልስ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዳገቱን ይወጣል፣
ወደ አንጓች ደጅ። አንድም ውሻ አይጮኽም። ይወርዳል።
ባልዲው ያው የሷ ነው።
                       እጀታው ተሰብሯል፤
በሰማያዊ ክራባቴ አሥሮታል።